ወይን ጠጅ ነጥብ

ሰርካለም ወንድሟን ያገኘችው ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ነበር። ራሱን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ፣ አንድ እጁን ጉልበቱ ላይ ጥሎ፣ እንደ ወትሮው ሥራ ላይ እንቅልፍ የጣለው ይመስላል። «ፍሥሐ፣ ነግቷል እኮ» አለችው። ወዲያው የታፈነው የከሰል ሽታ ጉሮሮዋን ያዛት። እጁን ስትይዘው የደብረ ብርሃን የጥር ውርጭ ያደረበት ብረት የያዘች መሰላት።

ምን ያህል እንደ ጮኸች አታውቅም። የምታስታውሰው ጥቃቅኑን ነገር ነው፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እንደ ነበር፣ ምድጃው ውስጥ አመድ ብቻ እንደ ቀረ፣ የወንድሟ አውራ ጣት ላይ ብልጭ የምትል የስቲከር ቁራጭ እንደ ተጣበቀች። ቁራጯን ልታነሣለት ሞክራ እንቢ አለቻት። ጎረቤት እየተሯሯጠ ሲመጣ ፊቱ እንዳይታይ ብላ፣ ለፎቶ ከሰው ጀርባ የሚዘረጋውን ጥቁር ጨርቅ አለበሰችው።

መጀመሪያ የደረሰው ወጣት ፖሊስ በየተራ ጠየቃት። ጨርቁ የት ነበር? በሩ ሥር ተወትፎ። በሩስ? ተዘግቶ። ምድጃው? ውስጥ። ሟቹ ሰሞኑን እንዴት ነበር? ሰርካለም መዋሸት አልቻለችም። «ተስፋ ቆርጦ ነበር» አለች።

እውነቷን ነበር። የእህትና የወንድም ፎቶ ቤት የሚኖረው በሠርግ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ከዓመት ወዲህ እየተንቀራፈፈ ሄዶ፣ ፍሥሐ የአንዲትን ሙሽራ ፎቶ አስተካክሎ «አስቀምጥ» ብሎ ሲያዝ፣ ሰርካለም ሻይ አፍልታ እስክትመለስ ያችው ክብ ምልክት ስክሪኑ ላይ ትዞር ነበር። አልበሞች ዘገዩ። ደንበኞች ሸሹ። ወልደአረጋይ የሚባል የእነዋሪ ሰው፣ ሙሽራዋን ጣርማ በር አፋፍ ላይ ጉም ውስጥ አቁሞ የተነሣውን ፎቶ ሲጠብቅ ሲጠብቅ መጥቶ በሰው ፊት ጮኸበት፤ «ሚስቴ ልትወልድ ነው፣ አልበሙ ገና አልተወለደም!» ሰው ሳቀ። ፍሥሐ አልሳቀም። ያን ቀን «ይሄ ማሽን አንድ ቀን ይገድለኛል» ብሎ ነበር። ይህንንም ሰርካለም ለፖሊሱ ተናገረች።

እኩለ ቀን ሳይሆን ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ፍሥሐ ራሱን አጠፋ።

አባታቸው ቄስ ወልደኪዳን ከአንኮበር በመጀመሪያው መኪና መጡ። በርኖሳቸውን ደርበው ፎቶ ቤቱ ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ወደ ውስጥ አልገቡም። አስከሬኑ ለምርመራ ሆስፒታል ተወስዷል። ሰርካለም እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«አባባ፣ ነገ ሲሰጡን ወደ አገር እንውሰደው።»

«ወስደን የት እናግባው?» አሉ፣ ድምፃቸው እየተሰበረ። «ራሱን ላጠፋ ፍትሐት የለም። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርም አይገባም። የጎረቤቴ ልጅ ራሱን ያጠፋ ጊዜ እናቱ ጉልበቴን ይዛ ስታለቅስ ከልክያለሁ። የሰው ሲሆን ከልክዬ የራሴ ሲሆን ልፍታ?»

«አላጠፋም ብልዎትስ?»

«አንቺ ነሽ እንጂ ያየሽው፣ ልጄ። ጨርቁ ተወትፎ ነበር ያልሽው አንቺ ነሽ።»

ሰርካለም ከእግራቸው ሥር ተነሣች። አባቷ ያለ ጸሎት ሊቀብሩት ነው፤ ለዚያ ያበቃውም የእርሷው ቃል ነው።

ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተር በሰለች የተባሉ ደልደል ያሉ ሴትዮ መጡ። ጉንፋን ይዟቸው ጤና አዳም እያሸተቱ ነበር። ቄሱን እጅ ነሥተው ገቡና የሟቹን ወንበር ትተው ሙሽሮች ለፎቶ የሚቀመጡበት ወርቃማ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ።

«እኔ ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ማብራትና ማጥፋት ነው። አንቺ ታስተምሪኛለሽ» አሏት። «አስቀድመሽ ግን ይሄን በር ክፈቺልኝ። ዛሬ ጠዋት እንደ ከፈትሽው አድርገሽ።»

ሰርካለም ወደ ውስጠኛው ክፍል ሄደች። መስኮት የለውም፤ በኮምፖርሳቶ ተከልሎ የተሠራ ጠባብ ክፍል ነው። እጀታውን ያዘችና ወደ ራሷ ሳበችው።

«ቆይ» አሉ ኢንስፔክተሯ። «ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው?»

«አዎ። ውስጥ ቦታ የለም።»

«ጨርቁ እንዴት ሆነ ታዲያ ስትስቢው?»

«ጨርቁማ…» ሰርካለም እግሯን ቁልቁል አየች። ጠዋት ጫማዋን ደጃፉ ላይ አውልቃ ነበር የገባችው። የጨርቁ ለስላሳነት ውስጥ እግሯ ላይ ትዝ አላት። «ጠለፈኝ። በሩ አልከፈት ሲለኝ በእግሬ ገፋሁት። ከዚያ ከፈትኩ። በኋላ አንሥቼ ይዤው ገባሁ… አለበስኩት።»

«ከየት አነሣሽው?»

ሰርካለም በሁለት እጇ አፏን ያዘች። «ከውጭ። እመቤቴ! በውጭ በኩል ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ጤና አዳማቸውን አሸተቱ። «አታልቅሺ። ገና ነን። ይሄን ለማንም አትንገሪ፤ ለአባትሽም ቢሆን።»

«አባቴ እኮ ደጅ ተቀምጠው…»

«ግማሽ እውነት ይዤ አላጽናናቸውም። ከሰሉንስ ወደዚህ ታስገቡ ነበር?»

«በፍጹም! አመዱ ማሽኑ ውስጥ ይገባል። ፍሥሐ ጣቱ እየደነዘዘም ቢሆን ምድጃውን ከዚህ ውጭ ነበር የሚያስቀምጠው።»

«ማሽኑን አብሪልኝ።»

ማሽኑ እንደ ልማዱ እያቃሰተ ተነሣ። ሰርካለም የወልደአረጋይን አልበም ስትከፍት ዓይኗን ማመን አቃታት። ትናንት ከሰዓት ወደ ቤት ስትሄድ ሥራው ግማሽ አልደረሰም ነበር። አሁን በመቶ የሚቆጠሩት ፎቶዎች ሁሉም አልቀዋል፤ ጉሙ፣ ገደሉ፣ የሙሽራዋ ነጭ ቀሚስ።

«ጨርሶታል» አለች በሹክሹክታ። «እንዴት ቻለ?»

«እያንዳንዱ ፎቶ የተቀመጠበት ሰዓት ይታያል አይደል? አሳዪኝ።»

አሳየቻቸው። ትናንት ማምሻውን፣ አንዱ ፎቶ የሌላውን ተረከዝ እየረገጠ ተቀምጧል። ኢንስፔክተሯ አንገታቸውን አስግገው አዩና፣ «እስቲ አሁን አንዱን አስቀምጪ» አሉ።

አስቀመጠች። ክቧ ምልክት መዞር ጀመረች። ኢንስፔክተሯ ተናፈጡ፣ መሐረባቸውን አጠፉ፣ ቆመው የፎቶ ቤቱን ዕቃ ሁሉ ዞረው አዩ። ምልክቷ ትዞራለች።

«ይቺ ነጥብ ምንድን ናት?» አሉ ከመደርደሪያው የካሜራ ባትሪ አንሥተው። ጥጉ ላይ ወይን ጠጅ ነጥብ አለች። መብራቱ ላይም፣ የካሜራው ካርድ ላይም አለች።

«የእኔ የጥፍር ቀለም ነው። ሠርግ ላይ ሦስት አራት ካሜራማን ሲገናኝ ዕቃ ይደባለቃል። የእኛ የሆነውን ሁሉ እቀባለሁ። ኮምፒውተሩ የተገዛ ዕለት ውስጡን ሳይቀር ቀብቼ ፍሥሐ ስቆብኛል። ‹ሙሽራ አደረግሽው› ብሎ።»

«ካቻቢቴ አላችሁ?»

የኮምፒውተሩን ሣጥን አጥፍተው ፈቱት። ሰርካለም ራሙን ነቅላ ሰጠቻቸው፤ ከስንዝር የሚያጥር ቀጭን ሰሌዳ ነው፤ ኮምፒውተሩ በእጁ ላይ ያለውን ሥራ የሚዘረጋበት። ኢንስፔክተሯ አገላበጡት። ንጹሕ ነው። ነጥብ የለውም።

«ማሽኑ መንቀራፈፍ የጀመረው መቼ ነው?»

«ዓመት አለፈው። አቧራ ካስጠረግነው ወዲህ… ያረጀ መስሎን ነበር።»

«ማን ጠረገው?»

«ጎረቤታችን፣ ዘሥላሴ። ጥገና ቤት አለው። ሁልጊዜ እሱ ነው የሚሠራልን።»

«መልሰሽ ስኪው» አሉ ኢንስፔክተሯ፣ ራሙን እየሰጧት።

ማምሻውን ሦስት ሰዎችን አነጋገሩ፤ ሰርካለም ጥግ ይዛ አዳመጠች። ወልደአረጋይ ቆቡን በእጁ እያሻሸ ገባ። ፍሥሐ በሞተ ሌሊት እዚያው ከተማ፣ አጎቱ ዘንድ እንዳደረ ተናገረ።

«በሰው ፊት አዋርጄዋለሁ፣ እመቤቴ። ብቻ ሰው በአልበም ይሞታል? ባውቅ ኖሮ በስልክ ያነሣናትን አጥቤ እሰቅል ነበር።»

ቀጥሎ የገባው ነቢዩ ነው፤ ፎቶ የሚያነሣላቸው የሥራ ባልደረባቸው። ዓይኑ በርበሬ መስሏል።

«ትናንት ከፍሥሐ ጋር ተጣልታችኋል አሉ» አሉት ኢንስፔክተሯ።

«በኮምፒውተሩ ነው። ምስል የሚያፈጥን ግራፊክስ ካርድ ነው የጎደለው አልኩት። ጌም የሚጫወቱት ልጆች ሁሉ እሱን ነው የሚገዙት። ዘሥላሴ ደግሞ ማሽኑን ጣለው፣ ሙሉ አዲስ ግዛ ይለዋል። ፍሥሐ ሁለታችንንም አልሰማ አለ። ቁጭ ብሎ ሲያጠና ከረመ፤ ፎቶ ሲበዛ ራሙ ይሞላል፣ ከዚያ ሥራው ወደ ሃርድ ዲስኩ ይፈስሳል፣ እዚያ ይንቀራፈፋል አለ። ‹ሠራተኛው አልሰነፈም፣ ጠረጴዛው ነው የጠበበው› አለኝ። ራም አዘዘ። እኔም ‹ከዚህ በኋላ አዲስ አበባ ሄጄ እሠራለሁ፣ ከራምህ ጋር ኑር› ብዬው ወጣሁ።» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ከመውጣቴ በፊት ከሰሉን ያቀጣጠልኩለት እኔ ነኝ። ብርድ ነበር። ከበሩ ውጭ ነው ያኖርኩት፣ እምላለሁ። እኔ ባላቀጣጥለው ኖሮ…»

«ሂድ፣ ልጄ። ተኛ።»

ዘሥላሴ የመጨረሻው ነበር። ሰርካለምን አቅፎ አጽናናት። ጃኬቱ የብየዳ ሽታ አለው።

«ራሙን ከእኔ ነበር ያዘዘው» አለ። «ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፤ ትናንት ከሰዓት ገብቼ ዕቃው አልደረሰም አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። ‹በቃኝ፣ ዘሥላሴ› አለኝ። ነገሩ አልገባኝም። ምነው አጠገቡ በቀረሁ!»

«‹በቃኝ› አለ?»

«እንዲሁ እንዳልኩዎት።»

«ከዚያ በኋላ አላየኸውም?»

«አላየሁትም።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ አስከሬኑ ሊሰጥ ሆነ። መኪናው ሆስፒታሉ ደጅ ቆሟል፤ ወደ የት እንደሚነዳ ግን ሾፌሩም አያውቅም። ኢንስፔክተር በሰለች ሁሉንም ፎቶ ቤቱ ውስጥ ሰበሰቧቸው። ወልደአረጋይና ነቢዩ ጥቁር ጨርቁ ይዘረጋበት ከነበረው ግድግዳ ሥር ቆሙ። ዘሥላሴ የመብራት ጃንጥላው አጠገብ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ወጣቱ ፖሊስ በሩን ያዘ። ቄስ ወልደኪዳን አሁንም አልገቡም፤ ደፉ ላይ ቆመው መቋሚያቸውን ተደገፉ።

«አባቴ፣ ከዚያም ሆነው ይሰማሉ» አሉ ኢንስፔክተሯ። «ሰርካለም፣ ሂጂና አንድ ፎቶ አስቀምጪ።»

ሰርካለም ጉሙ ውስጥ የቆመችውን ሙሽራ ከፍታ ቁልፉን ተጫነች። ክቧ ምልክት መዞር ጀመረች። ደጅ ባጃጅ አለፈ። ወልደአረጋይ ትዕግሥቱ አልቆ፣ «ይሄን ነበር የምትጠብቁት? እግዚኦ!» አለ።

«አዎ» አሉ ኢንስፔክተሯ። «ፍሥሐ ዓመት ሙሉ የጠበቀው ይሄን ነው። ነገር ግን በሞተበት ምሽት አልጠበቀም። የአንተ አልበም በዚያ አንድ ምሽት ብቻ አልቋል። ሰዓቱ እዚያው ተጽፏል። ይሄ ማሽን በዚያ ምሽት ፈጣን ነበር፤ በማግስቱ ጠዋት ተመልሶ ቀርፋፋ ሆነ። ማሽን በአንድ ሌሊት እንዲህ ድኖ እንዲህ አይታመምም። አንድ ሰው ራም አስገባ፤ በኋላም አንድ ሰው አወጣው። ያልደረሰው ራም ደርሶ ነበር ማለት ነው።»

ዘሥላሴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ምናልባት ከሌላ ሰው ገዝቶ…»

«ገዝቶ ይሆናል። ታዲያ የት አለ? ሙት ራሙን ነቅሎ፣ አሮጌውን መልሶ ሰክቶ፣ አዲሱን ከቤት አያወጣም። ማሽኑም ጠፍቶ ነው የተገኘው፤ ራም ሳያጠፉ አይነቀልማ። እኔ ግን ከዚህ በፊት የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ሥራው ያለቀለት፣ መከራው የተቃለለት ሰው፣ በዚያችው ምሽት ለምን ይሞታል?»

ደፉ ላይ የመቋሚያው ጫፍ ድንጋዩን ሲመታ ሰርካለም ሰማች።

«ወደ በሩ እንምጣ» አሉ ኢንስፔክተሯ። «በሩ የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው። ጨርቁ የተወተፈውም ከውጭ ነው፤ ይቺ ልጅ እግሯን ጠልፏታል። አንሥታ ያስገባችው እሷ ናት፤ ወንድሟን ለማልበስ። እኛ ያየነው በኋላ ነው፤ አይተንም ተሳሳትን። ውስጥ የተቀመጠ ሰው ከውጭ ጨርቅ አይወትፍም። አባቴ፣ ይሰሙኛል? ልጅዎ ራሱን አላጠፋም።»

ቄስ ወልደኪዳን አንድ እግራቸውን ከደፉ ወዲህ አሳለፉ።

«ሐኪሙም ከማጅራቱ በላይ እብጠት አግኝቶበታል። ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ፊት የተደፋ ሰው ኋላውን ምን መታው? ወድቆ ነበር። አንሥቶ ያስቀመጠው ሰው አለ።» ወደ ሰርካለም ዞሩ። «እጁ ላይ ምን አየሽ ነበር?»

«ስቲከር። አውራ ጣቱ ላይ። ብልጭ የሚል።»

«ሐኪሙ አንሥቶልኛል። የዘሥላሴ ጥገና ቤት በሚሸጠው ዕቃ ሁሉ ላይ የሚለጥፈው የዋስትና ስቲከር ነው፤ የስሙ ግማሽ ይነበባል። ፍሥሐ ከመሞቱ በፊት ያደረገው የመጨረሻ ነገር አንድ ስቲከር በጥፍሩ መፋቅ ነው። ለምን ፋቀው? ከሥሩ ምን ሊያይ?»

ከኪሳቸው ትንሽ የላስቲክ ከረጢት አወጡ። ውስጡ ቀጭን ሰሌዳ አለ። «ዛሬ ጠዋት በፍተሻ ከጥገና ቤቱ መሳቢያ ነው የተገኘው። አንቺ እይው።»

ሰርካለም ከረጢቱን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ስቲከሩ ግማሹ ተፍቋል። ከተፋቀው ሥር፣ የደበዘዘች ወይን ጠጅ ነጥብ አለች።

«የእኛ ነው» አለች። «የእኛ ነው እኮ። የገዛ ራማችንን ነው የሸጠልን?»

ሁሉም ወደ በርጩማው ዞረ። ነቢዩ ወደ ዘሥላሴ ሲንደረደር ፖሊሱ ወገቡን ያዘው።

«አቧራ ስትጠርግ ትልቁን አውጥተህ ትንሹን ሰካህ» አሉ ኢንስፔክተሯ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «እነሱ አረጀ እያሉ ሲያዝኑ አንተ ማሽኑን ጣሉት እያልክ መከርካቸው፤ ቢጥሉት ማንም አይፈታውም ነበርና። እሱ ግን አጥንቶ በሽታውን አገኘው። ራም ስጠኝ አለህ።»

ዘሥላሴ መሬት መሬት ያይ ነበር። «ሌላ አልነበረኝም» አለ በመጨረሻ። «የራሴ ማሽን ላይ አድርጌው ነበር። ስቲከር ለጥፌ ሰጠሁት። ቆይቼ ስመለስ ሊያመሰግነኝ ነበር የመሰለኝ። ነቅሎት ይዞ ቆሟል። ‹ልክ እንደ ድሮው ሆነልኝ ብዬ ገርሞኝ ነቅዬ ብፍቀው፣ የእህቴ ነጥብ አለበት፤ ድሮውኑም የወሰድከው አንተ ነህ› አለኝ። ነገ ለሁሉ ሰው እናገራለሁ አለ። ስንቱ ነው ማሽኑን የሰጠኝ፣ ስንቱን እንደዚህ… ገፋሁት። ጠረጴዛው መታው።»

«ሞተ ብለህ ነው ምድጃውን ያስገባኸው?» አለች ሰርካለም። እስከዚያች ቅጽበት ከሰው ፊት እንዲህ ጮክ ብላ ተናግራ አታውቅም። «ንገረኝ። የሞተ መስሎህ ነው?»

ዘሥላሴ ፊቱን ወደ ውስጠኛው ክፍል አዞረ።

«ሲተነፍስ ይሰማኝ ነበር» አለ።

ከውስጠኛው ክፍል ማሽኑ ያቃስታል። ስክሪኑ ላይ ያለችው ክብ መዞሯን አቆመች፤ ሙሽራዋ ጉሙ ውስጥ ቁልጭ ብላ ታየች። ማንም አላያትም።

ፖሊሱ ዘሥላሴን ይዞ ሲወጣ ቄስ ወልደኪዳን መንገድ ለቀቁለት። ከዚያ ወደ ውስጥ ገቡ። የልጃቸውን ወንበር በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ የእጅ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው መደገፊያው ላይ አሳረፉት።

«ሁለት ቀን ደጅ ተቀመጥኩበት» አሉ። «ሰርኬ፣ ሁለት ቀን ልጄን ደጅ ተቀመጥኩበት።»

«አሁን ገቡ፣ አባባ።»

«ለሾፌሩ ንገሪው። ወደ አንኮበር ነው። ፍትሐቱን የምጀምረው እኔ ነኝ።»

ሆስፒታሉ ደጅ፣ ሣጥኑ መኪናው ላይ ሲጫን፣ ሰርካለም «አንዴ ጠብቁኝ» አለች። ከቦርሳዋ ትንሿን የጥፍር ቀለም ጠርሙስ አወጣች። ከሣጥኑ ጥግ ላይ አንዲት ወይን ጠጅ ነጥብ አኖረች፤ እስክትደርቅም በትንፋሿ እፍ አለችባት። ነቢዩ ምን እየሠራች እንደሆነ ሊጠይቃት ከጀለና ተወው። መኪናው ተነሣ።